እናቴና 15ቱ ቃላት፦ በኮምፒውተር የሚሰጥ የማስታወስ ምርመራ

እናቴ አንዱን ጥያቄ ደጋግማ ስትጠይቀኝ "እርጅና ነው" ብዬ አልፈው ነበር። ምድጃው እንደበራ የተኛች ቀን ግን ደነገጥኩ። ሐኪሟ በኮምፒውተር የሚሰጥ የቃላት ማስታወስ ምርመራ አዘዘላት። አብሬያት ገባሁ።

ዘዴው የቆየ ነው፤ የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድሬ ሬይ ካወጡት ፈተና የመጣ ነው። በጆሮ ማዳመጫ 15 ቃላት ይጠራላችኋል፤ የያዛችሁትን ትናገራላችሁ። ያው ዝርዝር አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ ሌላ ዝርዝር ይገባና ያደናግራል። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ደግሞ ሳታስቡት "የመጀመሪያዎቹን ቃላት ይንገሩኝ" ይላል።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትቆጥር ነበር። በመጀመሪያው ዙር 4 ቃል፣ በአምስተኛው 9። ከእረፍቱ በኋላ 3 ብቻ። "መሰላል" አለች። ዝም አለች። ቆይታ አሁንም "መሰላል" አለች። እጇን ልይዛት ፈልጌ እንዳልረብሻት ተውኩት።

ማሽኑን የወደድኩት ለማንም ስለማያዳላ ነው። ለሁሉም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ፍጥነት ይጠራል፤ አይቸኩልም፣ ፍንጭ አይሰጥም። መልሱ የፈጀውን ጊዜም ይመዘግባል። ሌላ ጊዜ ስትመለሱ ቃላቱን ስለሚቀይር ልምምድ ውጤቱን ብዙም አያሳምረውም።

ከሁሉ የጠቀመን የመጨረሻው ክፍል ነው። የተጠሩትና ያልተጠሩት ቃላት ተደባልቀው ሲቀርቡላት ከ15ቱ 13ቱን ለየች። ሐኪሟ እንዳስረዳን፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ አዲስ ነገር የሚቀረጽበትን የአንጎል ክፍል ቀድሞ ስለሚጎዳ ቃሉ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያውም አይያዝም፤ ፍንጭ ቢሰጡትም ብዙ አይረዳም። የእናቴ ቃላት ግን ገብተዋል፤ የከበዳት ማውጣቱ ነው። ይህ ብቻውን ነፃ ናት አያሰኝም። ግን መርሳት ከሌላ ምክንያትም ሊመጣ ስለሚችል የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ አዘዘላት፤ ስለ እንቅልፏና ስለ ሐዘኗም ጠየቃት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። እስካሁን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ያበሳጨኝ ነገርም አለ። ፈተናው እንዳለቀ ስክሪኑ ላይ በቀይ "ከመደበኛ በታች" የሚል ወጣ። እናቴ አነበበችው። "አበቃልኝ ማለት ነው?" አለችኝ። ምርመራው ተጨማሪ ማጣራት እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል እንጂ በሽታውን ለይቶ አይናገርም። ታዲያ አስረጂ ሳይኖር ውጤቱን ታማሚ ፊት መዘርገፍ ጭካኔ ነው። ድምፁም መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኔ ባልናገር ኖሮ ያልሰማችው ቃል ሁሉ እንደረሳችው ይቆጠርባት ነበር።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ፈተናው ታማሚው አፉን በፈታበት ቋንቋ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውጤቱ የሚነጻጸረው ከዕድሜና ከትምህርት እኩዮቹ ጋር መሆኑንም አረጋግጡ። መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ አትርሱ። ስክሪኑም ሐኪሙ አጠገባችሁ ሳይቀመጥ እንዳይከፈት ንገሯቸው። እኛ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰን እንሄዳለን፤ ይህን እኔው ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።