ትልቅ ኢንጄክተር ከገጠምኩ 9 ወር ሞላኝ

መኪናዬ የ1995 ሆንዳ ሲቪክ ናት። 1.6 ሊትር ሞተር፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 125 የፈረስ ጉልበት። አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ትንሽ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) አስገጥሜላት ስነዳት ከረምኩ። ግፊቱ 5 ፒኤስአይ ብቻ ነው። ኢንጄክተሮቹ፣ ማለትም ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጩት፣ የፋብሪካዎቹ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በደቂቃ 240 ሲሲ የሚረጩ። ላፕቶፕ ሰክቼ ሳይ፣ እስከመጨረሻው ስረግጣት 86 ከመቶ ይደርሳሉ። ካላቸው ጊዜ 86 ከመቶውን ተከፍተው ነው የሚያሳልፉት ማለት ነው። ከ85 አለማለፍ ነው የሚመከረው። እኔ ግን «በአንድ ቁጥር ምን ይመጣል?» ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ዳላስ ወረድኩ። መውረድ ነው በእውነት። አውሮራ ያለችበት የዴንቨር አካባቢ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ነው። ዳላስ 200 ሜትር አይሞላም። እዚያ ሞተሩ የሚስበው አየር ይበዛል፤ አየር ሲበዛ ደግሞ ነዳጅ መብዛት አለበት። ሀይዌይ ልገባ ስል በሦስተኛ ማርሽ ረገጥኳት። ለአንድ እጅ ነዳጅ ስንት እጅ አየር እንደገባ የሚያሳየው ጌጅ 11.8 ላይ መቆም ሲገባው 12.5፣ 13፣ 13.4 እያለ ወጣ። ነዳጁ ሳስቷል። ቶሎ እግሬን አነሳሁ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ «ምነው ተውካት? ገና እየጣመች ነበር እኮ!» አለኝ። ለእሱ ጣመችው፤ በነዳጅ ማነስ ሞተሩ ግሎ ፒስተን ቢቀልጥ የሚከፍለው እኔ ነኝ። ማታ ላፕቶፑ የመዘገበውን ስከፍት ኢንጄክተሮቹ 100 ከመቶ ላይ ተገትረዋል። አውሮራ ላይ በቂ የመሰሉኝ፣ ከፍታው ጉድለታቸውን ስለሸፈነልኝ ነው።

አኩራ አርዲኤክስ የሚባለውን መኪና 410 ሲሲ ኢንጄክተሮች መረጥኩ። ከሆንዳ ቤት የወጡ ናቸው፣ ያገለገሉትም እንደልብ ይገኛሉ። መጀመሪያ የገዛሁት ርካሽ ነበር። ሻጩ «ተፈትሸዋል» ብሎኛል። እኔም ላረጋግጥ ብዬ ሳስለካቸው፣ ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ 8 ከመቶ ያንሳል። ያ ሲሊንደር ብቻውን ነዳጅ ሊጠማ ነው፤ ጌጁ ደግሞ የአራቱን ድምር ስለሚያነብ አያጋልጠውም። መለስኩለትና ሌላ ገዛሁ። ከድሮዎቹ አጠር ስለሚሉ ማስረዘሚያ ቆብ ይፈልጋሉ፤ ሶኬታቸውም ይለያል። የነዳጅ ፓምፑንም በሰዓት 255 ሊትር በሚገፋ ቀየርኩ።

ጉልበት ጨመረ ወይ? ምንም። አውሮራ ላይ ቁጥሩ ከ86 ወደ 50 ወረደ፣ በቃ። ሀይዌይ ላይ የነዳጅ ፍጆታዋም ያው ነው።

ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኢንጄክተር ኤሌክትሪክ ስለደረሰው ወዲያው አይከፈትም። አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ ባትሪ ሲደክም ይብሳል። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ኮምፒውተሩ «ተከፈት» የሚልበት ጠቅላላ ጊዜ ሁለት ሚሊሰከንድ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ግማሹ በመዘግየት ያልቃል። ይህ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ በትክክል ካልገባ ሞተሩ ይናጣል። እኔ የገባልኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ቀይ መብራት ላይ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ600 ወደ 1,200፣ ከ1,200 ወደ 600 ሲዋዥቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። ልብሴም ይሸታል። ባለቤቴ «ማደያ ተቀጠርክ እንዴ?» ብላኛለች። ጥር ላይ ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ሲገባ መኪናዋ ጠዋት አልነሳም አለች። የማስነሻውን ነዳጅ አስተካክያለሁ፤ አሁንም ግን በጣም ሲበርድ የምትነሳው በሁለተኛው ሙከራ ነው።

በሰኔ ዳላስ ተመለስኩ። ያው መግቢያ፣ ያው ሦስተኛ ማርሽ። ጌጁ 11.8 ላይ ቀጥ አለ፤ ኢንጄክተሮቹ 59 ከመቶ። ለዚያች አንድ ርግጫ ወጪውም፣ የሦስት ሳምንቱ መናጥም አይቆጨኝም።

አንድ ጎረቤቴ ግን እንደኔው ዓይነት ሲቪክ አለው፤ ቱርቦ የለው፣ ምን የለው። ያስገባው የአየር ማጣሪያና ጭስ ማውጫ ብቻ ነው። «ልቀይር?» አለኝ። ላፕቶፔን ሰክቼ አየሁለት፣ 60 ከመቶ እንኳ አይሞላም። «ወንድሜ፣ ያሉህን አሳጥባቸው፤ በተረፈው ጎማ ግዛ፣ ጎማህ አልቋል» አልኩት። እሺ ብሎኝ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ሳየው ጎማው ያው ራሰ በራ ነው፣ ኢንጄክተሮቹ ግን ያብረቀርቃሉ።