ባለ ሁለት ቅጂው የግጭት ቅጽ፦ ተጠቅሜበት ያየሁት

ይህን ቅጽ ኢንሹራንስ ስገባ ከውሉ ጋር አብረው ሰጡኝ። ክሩስኮት ውስጥ ከትቼው ሁለት ዓመት ሳልነካው ቆየሁ። ባለፈው ወር መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ ከኋላ የመጣ መኪና ፓራውልቴን ገጨኝና ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁት።

ለማያውቀው፣ ሁለት ወረቀት ተደራርቦ የተያያዘ ነው፤ ላይኛው ላይ የተጻፈው ያለ ካርቦን ታችኛው ላይ ይወጣል። ገጹ ለሁለት ተከፍሎ ግራው ለአንዱ ሹፌር፣ ቀኙ ለሌላው ነው። ስም፣ ስልክ፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ ታርጋ፣ የሻንሲ ቁጥር (መኪናው አካል ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር)፣ የመድን ድርጅቱ ስምና የፖሊሲ (የመድን ውሉ) ቁጥር ይሞላበታል። ከታች ንድፍ የሚሳልበት ባዶ ቦታ አለ። ሁለቱ ሹፌሮች ፈርመው አንዳንድ ቅጂ ይዘው ይለያያሉ። ሰው ከተጎዳ ግን ወረቀቱ ይቆይ፤ አምቡላንስና ፖሊስ ይቀድማሉ።

ከዓመታት በፊት ያለ ምንም ቅጽ ተጋጭቻለሁ። የገጨኝ ልጅ ስልኩን በቃሉ ነገረኝ፣ እኔም እየተንቀጠቀጥኩ መዘገብኩ። ማታ ስደውል የማላውቀው ሰው አነሳው። አንድ ቁጥር ተሳስቷል፤ እሱ ይሳሳት እኔ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ታርጋውንም አልያዝኩም ነበር። በሩን በራሴ ገንዘብ አስጠገንኩ።

የአሁኑ ሹፌር በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። አራቱንም ፍሬቻ አብርተን ዳር ያዝን። መጀመሪያ የሁለቱንም መኪና ታርጋ በአንድ ፎቶ አነሳሁ፤ ከዚያ ቅጹን ኮፈኑ ላይ ዘረጋሁት። «ልጄ፣ አንቺው ጻፊልኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አሉ። «እሺ አባባ፣ መንጃ ፈቃድዎንና ሊብሬውን ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው። ቅጹን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉም ነገር ከሰነድ ይገለበጣል እንጂ በቃል አይነገርም። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእሳቸው አልነበረም፤ መኪናው የልጃቸው ነው። ቅጹ ለሹፌሩና ለባለንብረቱ የተለያየ መስመር አለው። ያ መስመር ባይኖር የእሳቸውን ስም ብቻ ይዤ እሄድ ነበር፣ ኢንሹራንሱ ግን የተገባው በልጃቸው ስም ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ ቦታ ደግሞ በ17 ትንንሽ ሣጥን ተከፍሏል፤ የዘመናዊ መኪና ሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ስለሆነ። ጽፌ ስጨርስ አንድ ሣጥን ባዶ ቀረ፤ አንድ ቁጥር መዝለሌን ያወቅኩት በዚያ ነው። ከሣጥኖቹ በታች አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በሻንሲ ቁጥር ውስጥ እንደማይገቡ ተጽፏል። ስለዚህ ክቧ ምልክት ዜሮ ናት፣ መከራከር የለም።

ፊርማው ላይ ስንደርስ ሰውየው መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ከፈረምኩ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው?» አሉኝ። መልሱ ቅጹ አናት ላይ በደማቁ ታትሟል፤ ፊርማው የሆነውን መመዝገብ እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየሄድኩ አነበብኩላቸው። ትከሻቸው ወረድ ሲል አየሁ፣ ፈረሙ። በእርግጥም ቅጹ «ጥፋቱ የማነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። «ቆሞ ነበር»፣ «ረድፍ እየቀየረ ነበር»፣ «ወደ ኋላ እየሄደ ነበር» የሚሉ ምርጫዎች አሉ፣ የሆነው ላይ ምልክት ይደረጋል። ገና የተደናገጡ ሁለት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ጥፋተኛውን ይለዩ ማለት ግፍ ነው፤ ይህን ያሰበበትን ሰው አመሰግነዋለሁ።

ጉድለቱንም ልናገር። ለምስክር የተሰጠው አንድ መስመር ብቻ ነው። ግጭቱን ያየች ሴት ስሟንና ስልኳን በፈቃዷ ስትሰጠኝ ከዳር በኩል አጣብቄ ጻፍኩት። «አሁኑኑ ደውለው ስልኩን ያረጋግጡ» የሚል ቃልም የለበትም፤ እኔ የድሮው ነገር ትዝ ብሎኝ እዚያው ደወልኩ፣ ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ሲጮህ ነው ያረፍኩት። ዋናው ችግር ግን ወረቀቱ ነው። ከሥሩ ጠንካራ ካርቶን የለውም፣ የኮፈን ጎባጣ ላይ ሲጻፍበት ይሸሻል፤ ጠበቅ አድርገው ካልጻፉ ደግሞ ታችኛው ቅጂ ይደበዝዛል። እኔ ዋናውን ይዤ ደብዛዛውን ለእሳቸው መስጠቴ ከነከነኝ፣ ስለዚህ ዋናውንም በስልካቸው ፎቶ አነሳሁላቸው። ከአምስት አራት የምሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ሌላ ቅጽ አስመጥቼ ከደረቅ ክላሰርና ከእስክሪብቶ ጋር ክሩስኮት ውስጥ አስቀምጫለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ደወለ። ቅጂውን ይዞ የፖሊሲ ቁጥሬን አንድ በአንድ አነበበልኝ። አንዷን ሰባት ግን አንድ ብሎ አነበባት፣ አረምኩለት።