አዳማ ላይ በርካሽ የሚሸጠውን «1050 ቲአይ» ሳትፈትሹ እንዳትገዙ

ጎበዝ፣ ሰሞኑን አዳማ ውስጥ ቪጂኤ ካርድ (ኮምፒውተሩ ምስል የሚያወጣበትን ተጨማሪ ካርድ) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ። በተለይ ለስኬችአፕ፣ ለአውቶካድ ወይም ለሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ብላችሁ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ካርድ ልትጨምሩ የምትፈልጉ። «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ» ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን ሌላ የሆነ ካርድ አለ። አንዱ እጄ ገብቶ ፈትቼ አይቼዋለሁ።

ካርዱን የገዛው የአክስቴ ልጅ ነው። ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ይማራል። ኮምፒውተሩ ብዙዎቻችን ቤት ያለው ዓይነት ነው፤ ከውጭ በብዛት የሚገባው ያገለገለ ዴል፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ ምስል የሚያወጣው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው የኢንቴል ቢልት ኢን ግራፊክስ። ከበድ ያለ ዲዛይን ሲከፍትበት መንቀራፈፍ ይጀምራል። ካርድ ሲያፈላልግ መርካቶ ከሚጠራው ዋጋ በግማሽ ገደማ ያነሰ፣ «አንድ ፍሬ ነው የቀረው» የተባለ ተገኘለት። የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጩ ራሱም ተሸውዶ የገዛው ሊሆን ይችላል። እኔን ያናደደኝ አሻሻጡ ነው።

ልጁ ሲፒዩውን በባጃጅ ጭኖ ሱቅ ሄደ። ሻጩ ካርዱን ሰካው፣ አስነሳው፣ ስክሪኑ በራ። ዲቫይስ ማኔጀርን (ዊንዶውስ የተሰኩ ዕቃዎችን ስም የሚዘረዝርበትን ገጽ) ከፍቶ «ይኸው፣ ስሙን አንብበው» አለ። እውነትም 1050 ቲአይ ይላል። ክፍያው እዚያው ተፈጸመ። ቤት ተመልሶ ዲዛይኑን ሲከፍት ያው እንደ ድሮው ነው፤ ምንም ለውጥ የለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሱቅ ውስጥ ያ ሁሉ ሲታይ የስክሪኑ ገመድ ከማዘርቦርዱ አልተነቀለም ነበር። ካርዱ ተሰክቶ ፋኑ ይዞራል እንጂ ስክሪኑን የሚያበራው ያው የድሮው ቢልት ኢን ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ካርድ ሲሰካባቸው ቢልት ኢኑን በራሳቸው ያጠፋሉ። የዚህኛው ግን አልጠፋም፤ ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራውን የማዘርቦርዱን ማስተካከያ) ስከፍተው ቢልት ኢኑ እንዲቀድም ተደርጎ ተስተካክሏል። ማን እንዳስተካከለው አላየሁምና አልፈርድም። ብቻ ለሻጩ በደንብ ተመችቶታል።

ዲቫይስ ማኔጀር ላይ የሚታየው ስምስ? እሱም ማስረጃ አይሆንም። ዊንዶውስ ካርዱን አገላብጦ አይመረምርም። ካርዱ የያዘውን መለያ ቁጥር ያነባል፣ ከድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር ከሚያገናኘው ሶፍትዌር) ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፣ የተገኘውን ስም ይጽፋል። ያ ቁጥር ያለው ካርዱ ላይ በተጫነው፣ በካርዱ በራሱ ባዮስ ውስጥ ነው። ባዮሱን የቀየረ ሰው ስሙንም ቀየረ ማለት ነው። የሜሞሪውን መጠንም እንደዚያው፤ 1 ጊጋ የሆነው 4 ጊጋ ነኝ ሊል ይችላል።

ገመዱን ነቅለን ወደ ካርዱ ስናዞረው ስክሪኑ በራ። ግን ትክክለኛውን ድራይቨር ከቺፑ አምራች ከኤንቪዲያ አውርደን ስንጭን ጥቁር ሆኖ ቀረ። እንደገና ስናስነሳው ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ ምልክትና ኮድ 43 (ዊንዶውስ «ካርዱ ችግር ስላሳየ አስቁሜዋለሁ» የሚልበት) መጣ። ልጁ ለሻጩ ደወለ። መልሱን ስሙ፦ «ድራይቨር ከኢንተርኔት እንዳታወርድ አላልኩህም? እኔ በፍላሽ የሰጠሁህን ብቻ ተጠቀም። ደግሞ የአንተ ማዘርቦርድ ቢልት ኢን ስላለው ይጋጫል፤ አምጣውና በትንሽ ብር ላስተካክልልህ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙት። ደህና ካርድ የአምራቹን የራሱን ድራይቨር አይፈራም። ቢልት ኢን ያለው ኮምፒውተርም ካርድ ይቀበላል፤ እንዲያውም ዛሬ በየቢሮው ያለው ኮምፒውተር አብዛኛው ቢልት ኢን ያለው ነው። «ይጋጫል» የሚባለው ነገር ሲበዛ አንድ የባዮስ ምርጫ ነው፣ ካርዱ እንዲቀድም ማድረግ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህ ብር የሚጠይቅ ሰው ሥራ ፈልጎ ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር ስክሪን ጥቁር በሆነ ቁጥር ተጭበረበርን ማለትም ልክ አይደለም። ደህና ካርድ ገዝተው ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ትተው «አልሠራም» ብለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። ሻጮችም በዚህ ይማረራሉ፤ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱን ካርዱ ላይ ስኩ። ካርዱ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅ ብሎ መግባቱን እዩ። ተጨማሪ የኃይል ሶኬት ካለው ገመዱ መሰካቱን አረጋግጡ። የድሮውን ድራይቨር አጥፍታችሁ አዲሱን ጫኑ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ ያኔ ወደ ካርዱ ፊታችሁን አዙሩ።

ኃይል ካልኩ አይቀር፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ኮምፒውተር የሚያቃጥለው እሱ ነውና። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ቀዳዳ ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው። እውነተኛው 1050 ቲአይ የተሠራው በዚያው እንዲብቃቃ ነው። አንዳንድ አምራቾች 6 ፒን ሶኬት ቢጨምሩበትም አብዛኛው ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል። ለቢሮ ኮምፒውተር የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ የእነሱ ፓወር ሰፕላይ ትንሽ ነው፣ ጠባቦቹ ዴልና ኤችፒ ላይ 240 ዋት ገደማ። የእኛው ካርድ ግን 6 ፒን ይጠይቃል፣ የልጁ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ 6 ፒን የለውም። ሻጩ ምን አደረገ? ከሃርድ ዲስክ የሳታ የኃይል ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር ቀጭን ገመድ አስገባበት። የሳታው መሰኪያ የተሠራው ለ54 ዋት ነው፤ 6 ፒኑ ግን እስከ 75 ሊስብ ይችላል። ገመዱን ስነቅለው ነጩ ፕላስቲክ ጫፉ ላይ ወይቦ ነበር። በአዳማ ሙቀት፣ በር በተዘጋ ዶርም ውስጥ፣ ሌሊት ሬንደር (ዲዛይኑን ወደ ምስል መቀየር) ላይ ተትቶ ቢያድር ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

በመጨረሻ ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ፕሮግራም ከፈትን። ነፃ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ሳትጫን ከፍላሽ ላይ ትሠራለች። ስሙን ብቻ ሳይሆን ቺፑን ራሱን ታነባለች። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያሉት ቨርዥኖቿ ባዮሳቸው የተቀየረ የኤንቪዲያ ካርዶችን ለይተው ስሙ ፊት «ፌክ» ብለው ይጽፋሉ። የልጁ ካርድ ላይም ይኸው ወጣ። የቺፑ ስም ጂኤፍ116 ይላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ቺፕ ነው። የ1050 ቲአይ ቺፕ ጂፒ107 ይባላል፣ የወጣው በ2016 ነው። የመጀመሪያው 192 ኮር (ሥራውን ተከፋፍለው የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች) አለው፣ ሁለተኛው 768። ለዚያ ለድሮው ትውልድ ኤንቪዲያ መደበኛ ድራይቨር ማውጣት ያቆመው ገና እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አዲሱ ድራይቨር እምቢ ያለውም ለዚህ ነው። ስሙን አይቶ 1050 ቲአይ መስሎት ይነሳል፣ ቺፑ ሌላ ሆኖ ሲያገኘው ይወድቃል። ለአርክቴክቸር ተማሪ እንዲህ ያለ ካርድ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ በዓይን ብቻም የሚለይ ነገር አለ። ኤንቪዲያ ከ10ኛው ተከታታይ ጀምሮ በቪጂኤ ሶኬት የሚወጣውን የድሮውን የአናሎግ ምልክት ከቺፖቹ አውጥቶታል። ስለዚህ «1050 ቲአይ» ተብሎ ሰማያዊው ቪጂኤ ሶኬት ከኋላው ካያችሁ ጠርጥሩ። የእኛው ካርድ ሰማያዊውን ይዞ ነበር የመጣው። ካርቶኑ ላይም የአምራች ስም የለም፤ ትልቅ ቁጥርና የእሳት ስዕል ብቻ። ፋኑ ላይ ያለው ስቲከር አዲስ ነው፣ የብሎኖቹ ራስ ግን በጠመንጃ መፍቻ ተቦጫጭሯል። እናንተ ግን እንደኔ አትፍቱት። ዋስትና ካለው ይሰረዝባችኋል።

ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ገመዱ ካርዱ ላይ ይሰካና፣ የአምራቹ ድራይቨር ይጫንና፣ ጂፒዩ-ዚ ይከፈት። ፕሮግራሟን በራሳችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ አንድ ከባድ የ3ዲ ነገር ሩብ ሰዓት ያህል ይሂድ፤ ሙቀቱን እያያችሁ ተጫወቱ። «ኔትወርክ የለም»፣ «መብራት ሊጠፋ ነው»፣ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል እየመጣ ነው» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ደህና ዕቃ ያላቸው ልጆች አዳማ ውስጥ አሉ፤ እነሱ ፈትሽ ሲባሉ ደስ ነው የሚላቸው።

ደረሰኝ ሳትይዙም አትውጡ። ደረሰኙ ላይ «ቪጂኤ ካርድ» ብቻ ሳይሆን ሙሉ ስሙና የሜሞሪው መጠን ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነጋዴም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የአክስቴ ልጅ ደረሰኝ አልነበረውም። የረዳን ከሻጩ ጋር የተለዋወጡት የጽሑፍ መልእክት ነው፤ ሻጩ በራሱ እጅ «ኦርጅናል 1050 ቲአይ» ብሎ ጽፎለታል። ያንንና የጂፒዩ-ዚን ፎቶ ይዘን ሄደን «ወይ ብሩ ይመለስ፣ ወይ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እንገናኝ» ስንለው ብዙ ተከራክሮ አብዛኛውን ብር መለሰ። የቀረውን «የገመድና የሙያ ነው» አለ። የቱ ሙያ እንደሆነ አልገባኝም፣ ግን ትተንለት ወጣን።

ካርዱን መልሶ ወስዶታል። ሰማያዊ ሶኬት፣ 6 ፒን፣ የተቦጫጨሩ ብሎኖች ያሉት «አንድ ፍሬ የቀረ» 1050 ቲአይ ከቀረበላችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። ቀድሞውኑ የገዛችሁ ካላችሁ የጂፒዩ-ዚውን ገጽ ፎቶ ላኩልኝና አይቼ የመሰለኝን እነግራችኋለሁ። ቀን ሥራ ላይ ስለሆንኩ የምመልሰው ማታ ማታ ነው።