አልጋ ላይ የዋለ ወላጅ ለምታስታምሙ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ሰላም ናችሁ ወገን፣ እኔ እንዲህ ረጅም ነገር ፅፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ዝም ብል ጡር አለው። እናቴን የምትረዳልኝን ሲስተር ላመስግናት፣ ለቸገራችሁም ልጠቁማችሁ ነው። ስሜን አትፃፊ ስላለችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ።

እናቴ ሐይቅ ነበር የምትኖረው፣ ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ሲላት እኔ ጋ ደሴ አመጣናት። እህቴ ሳውዲ ናት፣ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ ብር ይልካሉ አላህ ይስጣቸው፣ ብር ግን ሰው አያገላብጥም። እኔ ቤት ያለው ደግሞ ጡት ያልጣለ ህፃን፣ ኬጂ የምትሄድ ልጅና ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚያጠና ጎረምሳ ነው፣ ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው። እናቴን አጉርሼ ሳልጨርስ ህፃኑ ያለቅሳል፣ እሱን ሳባብል የኬጂዋ ሰርቪስ ጥሩንባውን ያንባርቃል። ዳይፐር ራሱ ሁለት አይነት ነው የምገዛው፣ የህፃንና የአዋቂ፣ የአዋቂውን ዋጋ አታንሱብኝ።

ከሲስተር በፊት ያየሁትን ጠላቴም አይየው። አንዱ ደላላ ከኔም ከልጅቷም ኮሚሽኑን ቀርጥፎ በልቶ «ማስታመም ትችላለች» ብሎ ያመጣልኝ ልጅ፣ እናቴን በጀርባዋ እንዳስተኛቻት ሾርባ ስታጠጣት ደረስኩ፣ ትን ብሏት ፊቷ ጠቁሯል። ሌላዋ ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ ናት። ፊዚዮቴራፒ ቤት ድረስ እንሰጣለን ያሉት ደግሞ ብሩን አስቀድመው ተቀበሉ፣ ሰውየው መጣ፣ እጇን ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ አደረገና ሰዓቱን አይቶ ሄደ፣ ከዛ በኋላ ስልክ የሚያነሳ የለም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ለምርመራ ይዘናት የሄድንበት ቦታ እሷው እየሰማች «እድሜ ነው፣ ምን ያለፋችኋል» ያለን ነው። ምላሷ እኮ ነው የተሳሰረው፣ ጆሮዋ ደህና ነው! ያን ቀን እህል አልቀምስም ብላ አደረች።

ሲስተርን ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። ከኮምቦልቻ ነው የምትመላለሰው፣ በክረምት ያንን የሐረጎን ጉም ሰንጥቃ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን እጇን ታጥባ ገባችና እኔን ትታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ «እማማ እንዴት ዋሉ፣ ልረዳዎት ነው የመጣሁት፣ ሳልነግርዎት አልነካዎትም» አለቻት። ከዛ ስታገላብጣት ታፋዋ ጋ የቀላ ነገር አየች፣ የአልጋ ቁስል ሊጀምር ነው አለችኝ፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማስቀየር ነው። ጎረምሳው ስልኩ ላይ አላርም ሞላ፣ አሁን የቀኑን እሱ ነው የሚቆጣጠረኝ። ስታጎርሻት ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ ከበላችም በኋላ ቶሎ አታስተኚያት፣ ስታለብሻት የደከመውን እጅ አስቀድሚ፣ ስታወልቂ መጨረሻ አድርጊው አለችኝ። ይችን የልብስ ነገር እንኳን እስከዛሬ የነገረኝ የለም፣ ልብስ ለማልበስ ግብ ግብ ነበር እኮ የምንገጥመው። እጅና እግሯ ላይ የምታሰራትን እንቅስቃሴ ስሙን በእንግሊዝኛ ነግራኛለች፣ ጠፍቶብኛል።

አሁን ዋናው ነገር። እናቴ እኩለ ቀን ላይ ትረበሻለች፣ ታጉረመርማለች፣ እንባዋ ይመጣል። እኛ አሟት ነው ብለን ማስታገሻ እንሰጣለን። አንድ ቀን ሲስተር እያለች አዛን ተሰማ፣ እናቴ ጀመራት፣ ሲስተር ጎንበስ አለችና «እማማ ሶላት ነው እንዴ?» አለቻት። እናቴ ራሷን ነቀነቀችና ሳግ ተናነቃት። ሲስተር አንገቷ ላይ ማተብ ያላት ክርስቲያን ናት፣ እኔ ከሶስት ልጅ ጋር ስራወጥ ያልታየኝ ለሷ ታያት። ውሃ ለብ አድርጊ አለችኝ፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ላስቲክ አነጠፈች፣ በትራስ ደገፈቻት፣ ሳፋ ከስር አደረገች። «ቀጥሎ የቱ ነው?» እያለች እኔን ትጠይቀኛለች። ላጥባት ስል ማንቆርቆሪያውን ሰጠችኝና «አንቺ ውሃ አፍሺ፣ ማጠቡ የሳቸው ነው» አለች። የእናቴን ግራ እጅ ይዛ ቀኙ ላይ አስቀመጠችው፣ ክርኗን ከስር ደግፋ ጠበቀች። እናቴ በግራዋ ቀኟን አሸት አሸት አደረገችው፣ ጣት በጣት። ቸኩይ ያላት የለም። ከዛ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በምልክት ሰገደች። ጨርሳ ሲስተርን በዛ በተሳሰረ ምላሷ ስትመርቃት «ወልደሽ ሳሚ» የምትለዋ ጥርት ብላ ወጣች፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ከዛ ወዲህ በየሶላቱ ራሷ ናት እጇን የምታሸው፣ ለካ ያም እንቅስቃሴ ኖሯል። ኬጂዋ ፎጣ ይዛ ትቆማለች፣ ስራዋ እሱ ሆኗል። ሲስተርም «እናቴ መቼ በእግሯ ትሄዳለች?» ስላት እንደሌሎቹ አትሸነግለኝም፣ «አብሽሪ፣ አሁን መቀመጧን እናጠንክር» ነው መልሷ።

እና እባካችሁ ወላጅ የተኛባችሁ፣ አትንከራተቱ፣ ለደላላም አትክፈሉ፣ ይችን ልጅ ጥሯት። ኮምቦልቻ ለሆናችሁማ እዛው ጎረቤታችሁ ናት። ቅድሚያ ብር አትጠይቅም፣ ሰርታ ነው የምትቀበለው፣ እናንተም አትከራከሯት፣ የሚኒባሱም አለ። አዳር አትሰራም፣ ወጥ መስራትና ልብስ ማጠብም ስራዋ አይደለም፣ ይሄን ቀድማችሁ እወቁ። ፈቅዳልኛለች፣ በውስጥ ፃፉልኝና ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ግን የእናቴ ነው፣ እንዳትነኩብኝ!