ሌላ ቅባት ያላዘዘችልኝ ሐኪም

ለ5 ሳምንት ሀገር ቤት ገብቼ ነበር። ዘመድ ልጠይቅ ብዬ የመጣሁት ሴትዮ ግማሹን ጊዜ ከምርመራ ክፍል ምርመራ ክፍል ስል አሳለፍኩ። ስለተገለገልኩባቸው ቦታዎች የምጽፈው በተለይ ለሴቶች ነው፣ ወንዶችም ግን አንብቡት፣ ይህ የጡት ጫፍ በሽታ አልፎ አልፎ ወንድም ይይዛል።

ነገሩ የጀመረው በምኖርበት አገር ነው። የግራ ጡቴን ጫፍ ያሳክከኝ ጀመር። ይቀላል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ቅርፊቱ ሲላቀቅ ደግሞ እርጥበት ይወጣውና ጡት መያዣዬ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ሁለት ጊዜ ታየሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ «ችፌ ነው» ተብዬ የስቴሮይድ ቅባት ተሰጠኝ። ስቀባው ይሻለኛል፣ ስተወው ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ 8 ወር ሞላኝ። መሻሉ ነው ያዘናጋኝ፤ የሚሻል ነገር ክፉ አይመስልማ።

ሀገር ቤት ቅባቱ ሲያልቅብኝ ሌላ ላጽፍ ብዬ ነው የቆዳ ክሊኒክ የሄድኩት። ዶክተሯ ግን ወረቀቱን ከማንሳቷ በፊት «የጀመረው ከጫፉ ነው ወይስ ከዙሪያው?» አለችኝ። እስከዚያች ቀን ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ። ከጫፉ ነው አልኳት። «ሌላኛው ጡትስ?» ንጹህ ነው። ከዚያ ሁለቱንም ጡቶቼን፣ ብብቴንም ጭምር ዳሰሰች። ችፌ ብዙውን ጊዜ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክብ ይነሳል፣ ሁለቱንም ጡት መያዝም ይወዳል፤ የፓጄት በሽታ የሚባለው የጡት ጫፍ ካንሰር ደግሞ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ዙሪያው ይሰፋል፣ በአብዛኛውም አንድ ጡት ላይ ነው ብላ አስረዳችኝ። በዓይን ብቻ ግን አይለይም አለች። ስሙ ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓጄት የመጣ ነው፤ በ1874 እንዲህ ያለ የጡት ጫፍ ቁስል የነበረባቸውን 15 ያህል ሴቶች ተከታትሎ ኋላ ጡታቸው ውስጥ ካንሰር መውጣቱን ጽፏል።

ናሙናውን እዚያው ወሰደች። የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፣ ከዚያ በኋላ በትንሽ ክብ ምላጭ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቆዳ ቆርጣ አወጣችና አንድ ክር ሰፋች፣ አለቀ። በእኔ ግምት የጉዞዬ ምርጥ አገልግሎት ይሄ ነበር።

በማግስቱ ማሞግራም የሚባለውን የጡት ራጅና አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ማሽኑም ንጽህናውም ጥሩ ነው። ያነሳችኝ ልጅ ግን «ምንም የለብሽም፣ ደስ ይበልሽ» አለችኝ። ከደስታ ብዛት አለቀስኩ፣ ቤተሰብ ጋር ደወልኩ። ለዶክተሯ ስነግራት «ፎቶው ንጹህ መሆኑ ቆዳውን ነጻ አያወጣውም፣ ናሙናውን እንጠብቅ» አለች። እውነቷን ነው፣ በዚህ በሽታ ማሞግራም ምንም ላያሳይ ይችላል። እባካችሁ የምስል ባለሙያዎች፣ ከልብ በመነጨ ደግነት የሚነገር እንዲህ ያለ ቃል ሰውን ቤቱ ያስቀምጣል።

ላቦራቶሪው ላይ ቅሬታም ምስጋናም አለኝ። ውጤቱ ከቀጠሮው አንድ ሳምንት ዘገየ፣ ለምን እንደዘገየ የነገረኝ የለም። ሲደርስ ደግሞ ፖስታውን በመስኮት ሰጡኝና «ካንሰር» የሚለውን ቃል ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። እንደዚህ አይደረግም፣ ሐኪም አጠገብ ሆኖ ነው የሚነገረው። ሥራቸው ግን ጥንቅቅ ያለ ነው። የፓጄት ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሜላኖማ ከሚባለው የቆዳ ካንሰር ጋር ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ ተጨማሪ ልዩ ቀለም ሠርተው ለይተውታል። የዘገየውም ለዚህ ነበር፤ ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት ባልተጨነቅኩ።

ከዚያ ኤምአርአይ ታዘዘልኝ። ምክንያቱም ይህ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች የሚበዙት ጡታቸው ውስጥም ካንሰር አለባቸው፣ ቆዳው ላይ ያለው ምልክቱ ነው። የእኔም ከጫፉ ጀርባ የወተት ቱቦ ውስጥ ተገኘ፤ ከቱቦው ግን ገና አልወጣም።

መመለሻዬ ስለደረሰ ናሙናው የተቀመጠበትን የሰም ብሎክና ስላይዶቹን ጠየቅኩ። መጀመሪያ ወረቀቱ ይበቃል ብለው ነበር፤ ዶክተሯ ደብዳቤ ስትጽፍልኝ በማግስቱ አሽገው ሰጡኝ። እናንተም ጠይቁ። ወረቀት ብቻ ይዤ ብሄድ እንደገና መቆረጤ አይቀርም ነበር። እዚህ በምኖርበት አገር ያሉት ፓቶሎጂስቶች፣ ማለትም ናሙና መርማሪ ሐኪሞች፣ ያንኑ አይተው በውጤቱ ተስማሙ፣ የጡቴ ጫፍና ከጀርባው ያለው ተወገደ፣ የቀረው ጡቴ ተረፈልኝ። ጨረሩን ባለፈው ሳምንት ጀምሬያለሁ።

ዶክተሯ ስሸኝ «የቀዶ ጥገናውን ውጤት ላኪልኝ» ብላኝ ነበር። ትናንት ማታ ላክሁላት።