ከጎንደር ሆኖ የወርዋሪዎችን ተራ ለሚከታተል፦ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል መተግበሪያ

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ከተሞች ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር የቤዝቦል ጨዋታ ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለሚሆን፣ የሜጀር ሊግ ቤዝቦልን መተግበሪያ የምመዝነው ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ያመለጠኝን ጨዋታ ምን ያህል ያስረዳኛል በሚለው ነው። የቀጥታ ቪዲዮው ክፍያ የሚጠይቅ በመሆኑ የምጠቀመው በነጻ የሚገኘውን ክፍል ብቻ ሲሆን፣ እሱም ይበቃኛል።

አብልጬ የምወደው በመጪዎቹ ቀናት ጨዋታ የሚጀምሩትን ወርዋሪዎች (ኳሱን ለመቺው የሚወረውሩትን ተጫዋቾች) የሚያሳየውን ገጽ ነው። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ስለሚያደርግና ውርወራ ክንድን ስለሚያደክም፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ የሚጀምሩ አምስት ወርዋሪዎች ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ከወረወረ በኋላ በተለምዶ ቢያንስ አራት ቀን ያርፋል። ሐምሌ ላይ ቡድኖች ተጫዋች የሚለዋወጡበት ቀነ ገደብ ሲቃረብ ደግሞ ገጹ ሌላ ጥቅም አለው፤ ተራው የደረሰ ጤነኛ ወርዋሪ ስሙ ከገጹ ድንገት ከጠፋ፣ ለሌላ ቡድን ሊሰጥ መሆኑን መጠርጠር ይቻላል።

የየተጫዋቹ የቆየ መዝገብም በእጅጉ ያስተምራል። የወርዋሪውን የሲሲ ሳባቲያን የ2008 (እ.ኤ.አ.) መዝገብ ስከፍት ሁለት መስመር አገኘሁ፦ ለክሊቭላንድ ቡድን ሲወረውር 6 ድልና 8 ሽንፈት፣ ለሚልዋኪ ሲወረውር 11 ድልና 2 ሽንፈት። ሚልዋኪ በጁላይ ወር አራት ወጣቶችን ሰጥቶ ወሰደው፤ በሴፕቴምበር 20፣ 24 እና 28 በሦስት ሦስት ቀን ዕረፍት ብቻ አስወረወረው፤ በመጨረሻውም ቀን ጨዋታውን ብቻውን ጨርሶ ቡድኑን ከ26 ዓመት በኋላ ወደ ጥሎ ማለፉ አስገባ። ከዚያ በኋላ ግን በፊላዴልፊያ ፊት አራት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) እንኳ ሳይሞላ አምስት ነጥብ ተቆጠረበት። የዕረፍት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ እነዚህን ቀኖች በጣቴ እየቆጠርኩ ነው።

የዝውውሮች ገጽ ግን ደረቅ ነው፤ ማን ወዴት እንደሄደ በአንድ መስመር ይነግራል እንጂ ምክንያቱን አያብራራም፤ አማርኛም የለውም። ፋሲል ከነማ በውድድር ዘመኑ አጋማሽ ተጫዋች ሲያስፈርም ለምናውቅ ሰዎች፣ ተጫዋቹ ሳይጠየቅ ከነውሉ መሰጠቱ እንግዳ ነገር ነው። እምቢ የማለት መብት ያለው በሊጉ 10 ዓመት ያገለገለና የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ፣ አለዚያም በውሉ ላይ ያስጻፈ ብቻ ነው። ይህን ከሌላ ቦታ ማንበብ ያስፈልጋል።

በ2017 ዓ.ም. ቀነ ገደቡ ያበቃው ለሐምሌ 25 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። መጫን ለምትፈልጉ፣ ማሳወቂያውን ለአንድ ቡድን ብቻ ክፈቱት፤ ለሠላሳውም ከከፈታችሁት በዚያች ሌሊት ስልኩ ቤተሰቡን በሙሉ ይቀሰቅሳል።