ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ቦይለር ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ልጅ ጥሩት

ምስጋናው ሆዴ ውስጥ አላድር ስላለኝ ነው የምጽፈው። ደሴ ላይ የእናቴን ቦይለር የሰራልን ልጅ አለ። አዲስ አስገዝቶን ማትረፍ ሲችል አላደረገውም። ከቦይለሩ የሚበልጥ ነገርም አትርፎልናል፤ እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እናቴ ደግሞ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ስር ባለው የድሮ ቤታችን ብቻዋን ናት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ አየሩ የሌላ አገር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃልቆ ወደ ስራው ይሄዳል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በህዳርና በታህሳስ ሌሊት የደሴን የቧንቧ ውሃ የነካ ያውቀዋል፤ ጣት ያደነዝዛል። እናቴ 70 አልፏታል። ለሱብሂ ሶላት ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ትነሳለች፤ ውዱእ ታደርጋለች። ለእሷ ቦይለር ቅንጦት አይደለም።

የገዛላት አባቴ ነው፤ አላህ ይዘንለት። 2003 ዓ.ም. ላይ ነበር፤ ያኔ ጉልበቷን ማመም ጀምሯት ነበር። 50 ሊትር የሚይዝ ነው። በባጃጅ ጭኖ ራሱ አመጣው። ሰራተኞቹ ግድግዳው ላይ ሲሰቅሉት ከስር ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ በሉ» ሲል አሁንም ይታየኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። እናቴ ቦይለሩን በየሳምንቱ በጨርቅ ትወለውለዋለች። «ይጣል» ሲባል ለምን እንደሚከፋት አሁን ይገባችኋል።

ነሐሴ ላይ ከስሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። ውሃውም አንዳንዴ ይሞቃል፣ አንዳንዴ አይሞቅም። አንድ ሰው ጠራን። «ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል» አለና (ውሃውን የሚያሞቀው ዕቃ ነው) ቀየረው። 1,900 ብር ከፈልን። በአምስተኛው ሳምንት ውሃው እንደገና ቀዘቀዘ። ድጋሚ መጣ፣ ድጋሚ ቀየረ፣ ድጋሚ ተቀበለ። ማንጠባጠቡ ግን እንዳለ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስደውል ስልኩን ማንሳት ተወ።

ሌላ ሰው አመጣሁ። ይኼኛው ጭራሽ አልነካውም። የሻወር ቤቱ በር ላይ ቆሞ በስልኩ መብራት አየት አደረገና «አርጅቷል፣ ጣሉት። ቅድሚያ ግማሹን ክፈሉኝና አዲስ ላምጣላችሁ» አለ። ዋጋውን ስጠይቀው ከ20 ሺህ ብር በላይ ጠራ። «ምኑ ነው የተበላሸው?» አልኩት። «ብነግርሽም አይገባሽም» አለኝ። ይቺ ቃል እስካሁን ታንገበግበኛለች። እውነት ነው፣ ላይገባኝ ይችላል። ግን ከፋይዋ እኔ ነኝ፤ የምትታጠብበትም እናቴ ናት። በሰው ፊት እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? ስማቸውን አልጠራም። እንጀራቸው ነው፤ ከአላህ ያግኙት።

በዚህ ሁሉ መሀል እናቴ በስልክ አንድ ነገር ደጋግማ ትነግረኝ ነበር። «ቧንቧውን ስከፍት ይነዝረኛል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ብርዱ ነው እማዬ፣ እጅሽ ደንዝዞ ነው» እላታለሁ። ወላሂ፣ ይህንን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ልጁን የጠቆሙን ጎረቤታችን ናቸው። «እጁም አፉም ንጹህ ነው» አሉኝ። ደወልኩለት። «ቅዳሜ 3 ሰዓት እመጣለሁ» አለ። እኔም ከኮምቦልቻ በጠዋት ወጣሁ። 3 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ከዚያ እኔን ትቶ ወደ እናቴ ዞረና «እማማ፣ የሚጠቀሙበት እርስዎ ነዎት፤ ምን አስቸገረዎት?» አላት። ከዚያ በፊት የመጡት አንዳቸውም እሷን አልጠየቋትም።

ማንጠባጠቡን ነገረችው። መቀዝቀዙን ነገረችው። «አንዳንዴ ደግሞ ይነዝረኛል» ስትለው ፊቱ ተለወጠ። ምንም ሳይናገር ሄዶ ብሬከሩን አወረደ። ተመልሶ በካቻቢቴ ከስር ያለውን ክዳን ከፈተና «እህቴ፣ ነይ እዪው» ብሎ ጠራኝ። አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው። ጫፉ ታጥፎ በፕላስተር ተጠቅልሎ እንዲሁ ተንጠልጥሏል። ቀደም ብሎ የከፈተው ሰው ፈትቶት ሳይመልሰው ቀርቷል። የመሬት ሽቦ ነው አለኝ። ሬዚስታንሱ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ያፈሳል፤ ይህ ሽቦ ካለ ወደ መሬት ይወስደዋል፤ ከሌለ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

«መንገዱ እማማ ነበሩ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሷ እንዳትሰማ።

ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬ አልቆም አለኝ። ስንት ሌሊት ብቻዋን፣ እርጥብ ወለል ላይ፣ በባዶ እግሯ! ልጁ አይቶኝ «አብሽሪ፣ አሁን ተዘግቷል» አለኝ። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሰው «ይነዝረኛል» ካለ ብርድ ነው አትበሉት። ብሬከሩን አውርዱና ሰው ጥሩ።

ከዚያ ስራውን ጀመረ። ብዙውን አልተረዳሁትም፤ ያየሁትን ልንገራችሁ። ክዳኑን መለሰና የቦይለሩን ሆድ በደረቅ ጨርቅ ደህና አድርጎ አደረቀው። ከዚያ ሶፍት ጠየቀ። ሶፍቱን ቁርጥራጭ እያደረገ አንዱን ከጎኑ፣ አንዱን ከስፌቱ፣ አንዱን ከስሩ ከክዳኑ ዙሪያ ለጠፈ። «አሁን እንጠብቅ» አለና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። የክዳኑ ዙሪያ ያለው ሶፍት ብቻ ራሰ። ሌሎቹ ደረቅ ናቸው። አንድ በአንድ እያነሳ በእጄ አስነካኝ።

«ጋኑ ራሱ ቢያፈስ ኖሮ አንድ ብር አታውጪበት እልሽ ነበር፤ እሱ አይጠገንም። ይሄ ያፈሰሰው ከክዳኑ ጎማ፣ ከጎሚኒው ነው» አለ።

አራት ወር የተንከራተትንበት ነገር በቁራጭ ሶፍት ተለየ።

ውሃውን አስወጥቶ ሲከፍተው ደግሞ ከውስጡ ነጭ ጠጠር በእጁ ያፍስ ጀመር። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነው። የእናቴን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ግማሹን ሞላው። ሬዚስታንሱ በዚያ ውስጥ ተቀብሮ ነው ለካ የሚቃጠለው። ሳያጸዱ አዲስ ቢቀይሩ ያው ይቃጠላል። ሁለት ጊዜ የከፈልነው ገንዘብ የት እንደገባ ያኔ ገባኝ። ጋኑን ከዝገት የሚጠብቅ አንድ ዘንግም አወጣ። በራሱ እየተበላ ጋኑን የሚያድን ነው አለኝ። ተበልቶ ተበልቶ ሽቦ አክሏል። እሱን፣ ጎሚኒውንና ሬዚስታንሱን ቀየረ። የመሬት ሽቦውን አስሮ ደጋግሞ ለካው።

ሲጨርስ ቁርጡን ነገረኝ። «አልዋሽሽም። ቦይለር ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው ዕድሜው። ይሄ 14 ሆኖታል። አንድ ሁለት ክረምት ያሻግራችኋል፤ እስከዚያ ለአዲሱ ቀስ እያልሽ አጠራቅሚ። ከጋኑ ከራሱ ውሃ ካየሽ ወይም ሙቅ ውሃው ብቻ ዝገት ይዞ ከመጣ፣ ያኔ አሰሪው አልልሽም፤ ግዢና እገጥምልሻለሁ» አለኝ። ሲሞቅ ከጎን ካለችው ትንሿ ቫልቭ ጠብ ጠብ ቢል አትደንግጡ፣ ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ነው አለ። ሙቀቱንም 60 ዲግሪ ላይ አደረገው፤ ከዚያ በላይ ጠጠሩን ያበዛዋል ብሎ። «ብነግርሽ አይገባሽም» አላለኝም። ነገረኝ፤ ገባኝ።

እናቴ ምሳ አቅርባ ነበር፣ የስጋ ወጥ። «እማማ፣ ጾም ላይ ነኝ» አላት። «ውይ፣ ነቢያት ገብቷል ለካ!» አለችና ተመልሳ ማድቤት ገባች። በዘይት ሽሮ ሰርታ እስክታመጣ አላስወጣችውም። ከዚያ ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጥቶ ሊነሳ ሲል «በረካውን ሳትጠጣ የት ትሄዳለህ ልጄ!» ብላ አስቀመጠችው። በረካው ላይ ዱዓ አደረገችለት። አንገቱን ደፍቶ እያንዳንዱን «አሜን» አለ።

ሂሳቡ ከነዕቃው 2,800 ብር ነው። የገዛበትን ደረሰኝ አሳየኝ። ለመሬት ሽቦው ስንት ልጨምር ስለው «እሱማ ድሮም መኖር የነበረበት ነው፤ አልቀበልም» አለ። እናቴ ኪሱ ውስጥ 500 ብር ብትከትበት በሩ ላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ትቶት ሄዷል። ማታ ነው ያገኘነው።

በወሩ ደግሞ ስልኬ ጠራ። እሱ ነው። «እህቴ፣ እማማን ድጋሚ ነዝሯቸዋል ወይ?» አለ። የደወለው ለዚሁ ብቻ ነው። የትኛው ሰራተኛ ነው ከፍለነው ከሄደ በኋላ የሚደውል? አንጀቴን አራሰው። እጁ ይባረክ፤ ዘሩ ይብዛ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ስራ ተደራርቦበት ሰው ማጉላላት አይፈልግም። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አስፈቅጄው እልክላችኋለሁ። ኮምቦልቻም ይወርዳል፤ ሁለት ሦስት ቤት ተሰባስባችሁ ብትጠሩት ለእሱም ይመቸዋል። እሁድ አይሰራም። ግዙ ካላችሁ ግዙ፣ ይሰራል ካላችሁ አሰሩ፤ እኔ ያየሁት እንዲህ ነው። ጥሩት፣ አሰሩት፣ ለሰውም ንገሩለት። እናቴ ደግሞ ጦሳ ስር ስራ ካለው ቡና ሳይጠጣ እንዳያልፍ ንገሪልኝ ብላለች።